ኳሷን ይዞ ወደ ራሱ ግብ የገባው ተከላካይ

ሜልቦርን ያለን ሀበሾች በምንጨቃጨቅበት መድረክ ላይ አንድ ክር ከተከፈተ ሦስት ቀን ሆነው። ሥራ አስፈትቶኛል። ላልተከታተለው ሰው ከመጀመሪያው ላውጋው። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለብጥም፤ አንዴ የተሰደበ ሰው ሁለቴ እንዳይሰደብ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው ልጅ እዚህ አገር ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በእረፍት ሰዓት አንድ የሥራ ጓደኛው በስልኩ የ2008 የፉቲ፣ ማለትም የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ጨዋታ አሳየው። ሪችመንድ ከኤሰንደን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ሪችመንድ በ6 ነጥብ ይመራል። የሪችመንዱ ጆኤል ቦውደን ኳሷን ከግቡ ሥር እንዲያስጀምር ተሰጠችው። ወደ ፊት ይመታታል ሲባል ወደ ኋላ ሄዶ የራሱን የግብ መስመር አለፈ። ለኤሰንደን 1 ነጥብ። ኳሷ እንደገና ለእሱ ተሰጠች። ያንኑ ደገመው። ሰዓቱ አለቀ፤ ሪችመንድ በ4 ነጥብ አሸነፈ። የልጁ ጥያቄ አጭር ናት፦ ይህ ሰውዬ ብልህ ነው ወይስ ባለጌ?

መላሾቹን በመልሳቸው ቁጥር ልጥራቸው። ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነበር። ሰላምታውን አስቀድሞ የነጥቡን አሠራር ለማያውቅ አስረዳ። በየጫፉ አራት ቋሚዎች አሉ። በሁለቱ ረጃጅሞች መሃል በእግር ተመትታ ያለፈች ኳስ ግብ ናት፤ 6 ነጥብ። በረጅሙና በአጭሩ ቋሚ መሃል ካለፈች፣ ረጅሙን ቋሚ ከነካች፣ ወይም ተከላካይ ነክቷት ካለፈች ቢሃይንድ ትባላለች፤ 1 ነጥብ ብቻ። ስለዚህ ተከላካይ ኳሷን ይዞ በራሱ ግብ ቢያልፍ የሚያስቆጥርበት 1 ነው እንጂ 6 አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጣል ላድርግ። መጀመሪያ ስታዲየም የገባሁ ቀን ኳሷ በአጭሩ ቋሚ በኩል ስታልፍ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት አንድ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። ተሰደብኩ ብዬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋልኩ። ለካ የግብ ዳኛውን ምልክት ነው ያሳዩኝ። አንድ ጣት ቢሃይንድ፣ ሁለት ጣት ግብ ነው።

ቁጥር 2 የሳቅ ምልክት ብቻ ነው።

ቁጥር 3 ላይ የጻፉት እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጋሼ ናቸው። ልጁን በትሕትና አረሙት። ሕጉ እንዲለወጥ ያደረገው ቦውደን ብቻ አይደለም፤ የዚያው ዓመት የዋንጫ ጨዋታ ነው። ጂሎንግ በመደበኛው ውድድር ከ22 ጨዋታ አንዱን ብቻ ተሸንፎ ነው ለፍጻሜ የደረሰው። ተጋጣሚው ሃውቶርን ነው። የሃውቶርን ተከላካዮች በተጨነቁ ቁጥር ኳሷን በራሳቸው መስመር ያሳልፏት ጀመር። በጠቅላላው 11 ጊዜ። ዋንጫውን ሃውቶርን ወሰደ። በ2009 ሕጉ ወጣ። ጫና ሳይኖርበት ሆን ብሎ ኳሷን ያሳለፈ ተከላካይ ቅጣት ምት ይሰጥበታል፤ ያውም ግቡ አፍ ላይ።

ቁጥር 4 የጂሎንግ ደጋፊ ነው፤ ትሕትናው እዚህ ላይ አበቃ። ዋንጫው የተሰረቀ ነው ባይ ነው። ጋሼውንም የሌባ ጠበቃ አላቸው። ይሄ አልተወደደለትም፤ ሦስት ሰዎች ከታች ገሠጹት።

ቁጥር 5 ሂሳብ ይዞ መጣ። ሃውቶርን 18 ግብና 7 ቢሃይንድ፤ 115 ነጥብ። ጂሎንግ 11 ግብና 23 ቢሃይንድ፤ 89 ነጥብ። ልዩነቱ 26 ነው። ከጂሎንግ 23 ቢሃይንድ ውስጥ 11ዱን የሰጠው ሃውቶርን ራሱ ነው። እነዚያ 11 ነጥቦች ባይሰጡ ኖሮ ልዩነቱ ይሰፋ ነበር እንጂ አይጠብም ይላል። እንግዲህ የተሰረቀው ምኑ ነው ብሎ ጠየቀ።

ቁጥር 6 ያገለገለ ቶዮታ የሚሸጥ ሰው ነው። ተሰረዘ።

ክሩ ውስጥ ለእኔ የበለጠችው ቁጥር 7 ናት። በልጆች ጨዋታ ላይ በዳኝነት የሚያገለግል ወጣት ነው የጻፋት። የቁጥር 5 ሂሳብ ልክ ነው፤ ግን ጨዋታው ሂሳቡ ውስጥ የለም ይላል። ቢሃይንድ ሲቆጠር ኳሷን የሚያስጀምረው የተቆጠረበት ቡድን ነው። ማንም ሳይነካው፣ አይቶ፣ መርጦ ይመታታል። ስለዚህ ተከላካዩ በ1 ነጥብ የሚያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሊቆጠርበት ከነበረው 6 ነጥብ ይድናል። ሁለተኛ፣ እጁ ላይ ልትነጠቅ የነበረችው ኳስ ንጹሕ ሆና ትመለስለታለች። ጂሎንግ ለፍቶ ለፍቶ ግቡ ሥር ያደረሳት ኳስ በ1 ነጥብ ተገዝታ ወደ ላይ ትሄዳለች። አስራ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲደረግበት የጂሎንግ አጥቂ ልቡ እንዴት እንደሚሆን አስቡት ነው የሚለው።

ቁጥር 8 እኔ ነኝ። ክርክሬ ስለ ዋጋው ነበር። በእኛ እግር ኳስ በረኛ ሰዓት ለመግደል ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን ሲያሻሽ የሚከፍለው ነገር የለም። ቦውደን ግን ከፍሏል። ከነበረው 6 ነጥብ መሪነት 2ቱን አውጥቶ ሰዓት ገዛ። ሌባ ባንኮኒ ላይ ገንዘብ አስቀምጦ አይሄድም። ይህን ጽፌ በራሴ ትንሽ ኮርቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ቁጥር 9 ጠብቆኛል። ስሜን ሳይጠራ፣ ባንኮኒ ላይ ገንዘብ ያስቀመጡት ሰውዬ ያስቀመጡት ስንት ነው ብሎ ጀመረ። መቶ ብር የሚያወጣውን ዕቃ በአምስት ብር ወስዶ ከፍያለሁ ማለት ንግድ አይደለም። ፉቲን የሚያስተዳድረው ማኅበርም ያደረገው ዋጋውን ማስወደድ ነው እንጂ ጭራሽ መከልከል አይደለም። ዛሬም ተከላካይ በጫና ውስጥ ሆኖ ኳሷን በ1 ነጥብ ማሳለፍ ይችላል። ጫና በሌለበት ግን ዋጋው ግብ አፍ ላይ የሚመታ ቅጣት ምት ሆነ፤ ያ ደግሞ 6 ነጥብ ማለት ነው። ሰውዬው ከእኔ በተሻለ ተናገረው፤ ምን ላድርግ? እጅ ሰጠሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ባሕር ተሻገረ። ቁጥር 10 በእኛ እግር ኳስም ይሄ እንደተደረገ አነሳ፤ ባርቤዶስ ሆን ብላ በራሷ ላይ ግብ አስቆጥራ ማለፏን። ቁጥር 11 የፌስቡክ ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። ቁጥር 12 ከነዝርዝሩ አስቀመጠለት። ጊዜው 1994 ነው፤ የካሪቢያን ዋንጫ ማጣሪያ። ባርቤዶስ ለማለፍ ግሬናዳን በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ አለባት። የዚያ ውድድር ሕግ ደግሞ በጭማሪ ሰዓት የምትገባ ወርቃማ ግብ እንደ ሁለት ትቆጠራለች ይል ነበር። ባርቤዶስ 2 ለ 1 እየመራች ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ። በቀረው ደቂቃ ሌላ ግብ ከመፈለግ ይልቅ በራሷ ላይ አስቆጥራ 2 ለ 2 አደረገችው። ግሬናዳዎች ነገሩ ሲገባቸው እነሱም በራሳቸው ላይ ሊያስቆጥሩ ሮጡ፤ 3 ለ 2 ቢሸነፉ ያልፋሉና። የባርቤዶስ ልጆች የተጋጣሚያቸውን ግብ ከተጋጣሚያቸው ተከላከሉ። ጭማሪ ሰዓት ተገባ፣ ባርቤዶስ አገባች፣ 4 ለ 2 ተባለ። ቁጥር 11 ይቅርታ ጠየቀ። መድረካችን ላይ ይቅርታ ሲጠየቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁጥር 13 ወደ አውስትራሊያ መለሰን፤ ግን በክሪኬት በኩል። በ1981 የካቲት 1 ቀን፣ የፉቲ ዋንጫ በሚደረግበት በዚያው በሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ፣ ኒውዚላንድ በመጨረሻዋ ኳስ እኩል ለመውጣት 6 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። የአውስትራሊያው አምበል ግሬግ ቻፔል ወንድሙን ትሬቨርን ኳሷን መሬት ለመሬት እንዲያንከባልላት አዘዘው። የምትንከባለል ኳስ በአየር ተመትታ 6 ልትሆን አትችልም። ሕጉ በጊዜው ይፈቅድ ነበር። ግን እስከ ዛሬ ያፍሩበታል። የሰውዬው ነጥብ፣ ሕግ ፈቀደ ማለት ነውር አይደለም ማለት አይደለም የሚል ነው። መልካም ነጥብ ነበረች። ግን ክሪኬት የሚገባው ሰው ስላልነበረ እዚያው ሞተች።

ቁጥር 15 ፉትስክሬይ ነው የሚኖረው። የእኛ ሰው ቡና ቤትና ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር ስለሆነ ግማሾቻችን ጆሮ ሰጠነው። የሰፈሩ ቡድን ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፤ እስከ 1996 ድረስ ስሙ ራሱ ፉትስክሬይ ነበር። ቤት ያከራዩት ሽማግሌ ኪራይ ሊቀበሉ በመጡ ቁጥር አንድ ታሪክ ይነግሩታል። በ2000 ኤሰንደን 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ማንም የሚያቆመው ጠፍቶ ነበር። የቡልዶግስ አሠልጣኝ ቴሪ ዋላስ ልጆቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ኋላ ጎትቶ የኤሰንደንን የማጥቂያ ሜዳ በሰው አጥለቀለቀው። ጎርፍ ይሉታል፤ ያን ዕለት ደግሞ ጎርፉ ከጎርፍም ያለፈ ነበር። አጥቂዎቹ ኳስ የሚይዙበት ክፍት ቦታ አጡ። ቡልዶግስ በ11 ነጥብ አሸነፈ። ኤሰንደን ከዚያ በኋላ ሁሉንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ በዓመቱ ከተጫወተው 25 ጨዋታ የተሸነፈው ያቺን አንዷን ብቻ ነው። ሽማግሌው ታሪኩን ሲጨርሱ ኪራዩን ቆጥረው እንደሚሄዱና አንድም ጊዜ ቅናሽ አድርገው እንደማያውቁ ጨምሯል።

ቁጥር 16 ለሽማግሌውም አልራራም። ጨዋታውን የገደለው ያ ጎርፍ ነው አለ። ሠላሳ ስድስት ሰው አንድ ጥግ ላይ ተከምሮ ሲተራመስ ማየት ከፈለግሁ መርካቶ እሄዳለሁ ብሏል። ቁጥር 17 በ2019 ለዚህ መድኃኒት እንደወጣለት ጠቀሰ። ከመሃል ሲጀመር በማጥቂያው 6፣ በመሃል 6፣ በመከላከያው 6 ሰው መሆን አለበት። ቁጥር 16 ተመልሶ፣ ኳሷ ከተነሳች በኋላ ያ ሕግ ማንንም እንደማይዝ ጻፈ። እውነቱን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ብቻ የሚሠራ ሕግ ነው።

ቁጥር 18 ላይ ጋሼው ተመለሱ። የፉቲ የሕግ መጽሐፍ የብልጦች መዝገብ ነው አሉ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ሥር የሆነ ተንኮል ተቀብሯል። ድሮ መሪው ቡድን ኳሷን በቀጥታ ወደ ውጭ እየመታ ሰዓት ይገድል ነበር፤ በ1969 ሳትነጥር የወጣች ኳስ ቅጣት ምት ሆነች። ሁሉም መሃል ሜዳ ሲከመር በ1975 ከአንድ ቡድን አራት ብቻ የሚቆሙበት አራት ማዕዘን ተሠመረ። ኳሷ ወደ ላይ ስትወረወር ሁለት ረጃጅም ሰዎች እንዲሻሙ ነበር የታሰበው፤ ሦስተኛ ሰው ከጎን እየዘለለ ሲነጥቅ በ2017 ተከለከለ። ነገሩን ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ብለው ዘጉት። ለመድረኩ የመዝጊያ ቃል መስሏቸው ነበር። የት ይዘጋል!

እንዲያውም ከዚህ በኋላ ነው የደራው። ቁጥር 19 የኤሰንደኑን አሠልጣኝ ኬቨን ሺዲን አመጣ። በ1991 ከዌስት ኮስት ጋር ሲጫወት፣ ዊንዲ ሂል በሚባለው ሜዳው ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን የጨርቅ ከረጢት አሳስሮት ነበር። ከፐርዝ የመጣው እንግዳ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እንዳያውቅ ነው። የሜዳው ስም ራሱ ነፋሻማ ኮረብታ ማለት መሆኑን አስቡት።

ቁጥር 20 ቋሚ ላይ ስለወጣው የሲድኒ ተከላካይ ጻፈ። በ2019 ሲድኒ ኤሰንደንን በ5 ነጥብ እየመራ የማብቂያው ሳይረን ጮኸ። ግን የኤሰንደኑ ዴቪድ ማየርስ የመጨረሻ ምት ነበረው። ከሩቅ ነው፤ ካገባ ያሸንፋሉ። እሱ ሲዘጋጅ ዴን ራምፒ የግቡን ቋሚ እንደ ዛፍ አቅፎ ወደ ላይ ወጣ። ሕጉ ቋሚ መነቅነቅ ክልክል ነው ይላል፤ ከተነቀነቀ ቅጣት ምት አለው። ዳኛው ውረድ ብሎ አለፈው፤ ምቱም አጥሮ ቀረ። በኋላ ራምፒ 1,000 ዶላር ተቀጣ። ቁጥር 21 የኤሰንደን ሰው ሆኖ በዚህ ክር ውስጥ ቡድኑ ሦስቴ መታረዱን አመለከተ። አዘንለት፤ ሁላችንም ሳቅን።

የሳይረኑ ነገር ሲነሳ ቁጥር 22 ወደ ታዝማኒያ ወሰደን። በ2006 ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሎንሰስተን ላይ፣ ፍሪማንትል ሴንት ኪልዳን በ1 ነጥብ እየመራ ሳይረኑ ጮኸ። ግን ዳኞቹ አልሰሙትም። በጊዜው ሕግ ጨዋታው የሚያልቀው ሳይረኑ ሲጮኽ ሳይሆን ዳኛው ሲሰማው ነበር። ጨዋታው ቀጠለ፤ ሴንት ኪልዳ ቢሃይንድ አስቆጥሮ እኩል ሆነ። ማኅበሩ በዚያው ሳምንት ውጤቱን ሽሮ ድሉን ለፍሪማንትል ሰጠ። ቁጥር 23 እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጣለ። ዳኛው ጆሮውን ደፍኖ ቢያጫውት ጨዋታው አያልቅም ማለት ነው? ማንም አልመለሰለትም፤ ግን አርባ ሰው ወዶለታል።

ቁጥር 24 ለእኔ አዲስ ነበር። ሜዳ ላይ ከ18 በላይ ሰው አለ ብሎ የጠረጠረ አምበል ቆጠራ መጠየቅ ይችላል። ጨዋታው ቆሞ ተጫዋቾች ተሰልፈው እንደ ትምህርት ቤት ይቆጠራሉ። በቀድሞው ሕግ ትርፍ ሰው የተገኘበት ቡድን እስከዚያ ያስቆጠረው ነጥብ በሙሉ ይሰረዝ ነበር። በ2008 ሲድኒ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 19 ሰው ይዞ ከኖርዝ ሜልቦርን ጋር እኩል ወጣ። ቆጠራ አልተጠራም። ሲድኒ በኋላ በገንዘብ ተቀጣ። ይኸው ኖርዝ ሜልቦርን ደግሞ በ2023 ከሲድኒ ጋር ሲጫወት ከተፈቀደው 75 ቅያሪ አንድ አሳለፈ። ቅጣት ምቱ ግብ ሆነበት፤ በ3 ነጥብ ተሸነፈ። አንዱ ቆጣሪ ስቶ ዳነ፣ አንዱ ተቆጥሮበት ጠፋ።

ከቁጥር 25 እስከ 30 ያለው ፍልሚያ ነው። ርዕሱ አንገት ነበር። ከትከሻ በላይ የተያዘ ተጫዋች ቅጣት ምት ያገኛል። ስለዚህ ብልጦቹ ሊያዙ ሲሉ ጉልበታቸውን አጠፍ፣ ክንዳቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ የያዣቸው እጅ ተንሸራቶ አንገት ላይ ይወጣል። የጂሎንጉ አምበል ጆኤል ሴልውድ በዚህ የታወቀ ነበር። የኮሊንግዉዱ ጃክ ጊኒቫን በ2022 እንዲህ ሲያደርግ፣ ማኅበሩ ራሱ ያመጣው ንክኪ ቅጣት ምት እንደማያሰጠው አስታወቀ። አንዱ ሴልውድን ጀግና፣ ጊኒቫንን አጭበርባሪ አለ። ሌላው ልዩነታቸው ዕድሜና ጸጉር ብቻ ነው አለ። ከዚያ የእናት ስም ተነሳ። አወያዩ ሁለቱን መልስ አጠፋ፤ ስለዚህ ቁጥር 28ንና 29ን ብትፈልጉ አታገኟቸውም።

ያበረደችው ቁጥር 31 ናት። የሁለት ልጆች እናት ናት። ወንዱ ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ አውስኪክ የሚባለው የሕጻናት ፉቲ ጋ ይሄዳል። አሁን ቤት ውስጥ እህቱ ልታቅፈው ስትመጣ ጉልበቱን አጥፎ ቁልቁል ይወርዳል፤ እጇ አንገቱን ሲነካው ወደ እናቱ ዞሮ ቅጣት ምት ይጠይቃል። በዚህ ሳምንት አራት ጊዜ ሰጥታዋለች። እህቱ የዳኝነቱን ፍትሐዊነት መጠራጠር ጀምራለች።

ከዚያ ክሩ ተበተነ። አንዱ ለምን እግር ኳስ ይሉታል በእጅ እየተጫወቱት ብሎ የዱሮውን ቁስል ነካ። ሌላዋ ፉትስክሬይ ውስጥ ጥሩ የጤፍ እንጀራ የት እንደሚገኝ ጠየቀች። ለእሷ ከቦውደን የበለጠ መልስ መጣላት።

ትናንት ማታ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመልሶ ጻፈ፤ ቁጥር 52። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ሣር ላይ ስምንት ለስምንት ይጫወታሉ። ቡድኑ በ3 ነጥብ ሲመራ፣ ምሳ ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ኳሷ እጁ ገባች። አጠገቡ ማንም የለም። ክሩን ሙሉ አንብቦታል። ቦውደን ትዝ አለው፤ በኩራት ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተራመደና በሁለት ጋሪዎች የተሠራውን የራሳቸውን ግብ አለፈ። ቪዲዮውን ያሳየው የሥራ ጓደኛው ነው መጀመሪያ እጁን ያወጣው። ቅጣት ምቱ ከጋሪው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተመታ። በ3 ነጥብ ተሸንፈው ወደ ሥራ ገቡ።

ቁጥር 3ን አላነበብኩትም ነበር ብሏል።